ቅዳሜና እሁድ በስሜን አፋፍ ላይ፦ እስከ የት መሄድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ዓርብ ከሥራ ወጥተን ወደ ስሜን ተራሮች ልንሄድ አስበናል። ሁለት ድንኳኖች አሉን። ደስ ባለን አፋፍ ላይ ተክለን እያደርን፣ በሸንተረሩ እየተጓዝን ራስ ዳሸንን ወጥተን እሁድ ማታ ጎንደር ለመግባት ነው ዕቅዳችን። ደገኞች ስለሆንን ከፍታው አይከብደንም። ስካውትና አስጎብኚ መያዝ የግድ ነው ወይስ ለውጭ አገር ጎብኚ ብቻ ነው? ብርዱን በጋቢ፣ በከሰልና በትንሽ አረቄ እንወጣዋለን ብለናል። ውሻችንን ይዘን ብንሄድስ? በዝርዝር ቢመልሱልን።»

ራስ ዳሸንን ከዚህ ዕቅድ አውጡት። 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአገራችን ትልቁ ተራራ ደባርቅ ደርሰው ቀና ሲሉ ፊት ለፊት የሚጠብቅ አይደለም። የእግር መንገዱ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ይሄዳል፤ ከጨነቅ የቧሂትን በር ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ የወረዱትን ሁሉ መልሶ ያስወጣል። ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው አንድ ሙሉ ቀን ነው። ከተራራው ሥር ካለችው ከአምቢቆ መንደር ተነሥቶ ጫፉን ረግጦ መመለስ ብቻውን ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ደግሞ የመጡበትን መንገድ መመለስ አለ። ከጎንደር ተነሥቶ ይህን በአግባቡ ለመጨረስ ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልጋል። «መኪና ተከራይተን ግማሹን ብንቆርጠውስ?» የምትሉ ከሆነ፣ መኪና የሚያተርፍላችሁ የእግር ድካም ብቻ ነው። ሁለት ቀን የማይበቃው ለእግራችሁ አይደለም፤ ለሳንባችሁና ለአንጎላችሁ ነው።

ደገኛ መሆናችሁ የተወሰነ ጥቅም አለው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣ ሰው የተሻለ መነሻ አላችሁ። ሆኖም የአየሩ ግፊት ጎንደር ላይ በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ 3,600 ሜትር ግድም ባሉት በግጭና በጨነቅ ወደ 64 በመቶ፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በተራራው ላይ ተወልደው ያደጉትን ሰዎች አይታችሁ በራሳችሁ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በስሜን ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠን ቆላ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል፤ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ እንደታየው ሳይሆን፣ ደማቸው ሳይወፍር ነው በሳሳው አየር የሚኖሩት። ይህ በብዙ ትውልድ የመጣ የአካል መላመድ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ሰንብቶ ዓርብ ማታ ሽቅብ የሚነዳ ጎንደሬ አያገኘውም።

ለእናንተ የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምትተኙበት ቦታ ካለፈው ሌሊት መኝታችሁ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቀን ከፍ ብሎ መራመድና ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይቻላል፤ ሰውነት የሚፈተነው ሌሊት፣ ትንፋሽ በእንቅልፍ ሲዳከም ነው። በዕቅዳችሁ ግን ከ2,100 ሜትር ተነሥታችሁ በአንድ ቀን 3,600 ሜትር ላይ ልትተኙ ነው። አራት ሆናችሁ እንዲህ ከሄዳችሁ ቢያንስ አንዳችሁ ቅዳሜን ራሱን ይዞ ቢውል አይደንቅም።

ምልክቱን እወቁት። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከመጠን ያለፈ ድካምና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ዕረፍት፣ ውኃና ጊዜ ይሰጣቸዋል። በማግስቱ ከባሱ መውረድ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ እያረፈ ቁና ቁና የሚተነፍስ፣ የሚያስለውና ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ፣ ወይም እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዘበራረቅ ከሆነ ግን ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እስኪነጋ አይጠበቅም። ደግፋችሁ፣ ከስካውቱ ጋር፣ በሌሊትም ቢሆን አውርዳችሁ ሆስፒታል አድርሱት። የማስታገሻ ክኒን ውጦ ሽቅብ መቀጠል ምልክቱን መደበቅ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለው መከላከያ መድኃኒት ይረዳል፤ ነገር ግን የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ስላለ ሐኪም ሳያዩ አይወሰድም። እኔ በምመክራችሁ መንገድ ከሄዳችሁ ደግሞ ከመጀመሪያውም ባያስፈልጋችሁ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደስ ባላችሁ ቦታ ድንኳን መትከል አይፈቀድም። አዳሪ የሚያርፍባቸው የተወሰኑ ሰፈሮች አሉ፤ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ዋናዎቹ ናቸው። ከመግባታችሁ በፊት ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ታወጣላችሁ፤ የታጠቀ ስካውትም ይመደብላችኋል። ስካውት መያዝ የውጭ ዜጋ ብቻ ግዴታ ነው የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ኢትዮጵያዊም ያለ ስካውት አያድርም። አስጎብኚውን በተመለከተ፣ አካባቢውን የማያውቅ ቡድን ቢይዝ እመርጣለሁ። ስካውቱ መንገዱን ቢያውቅም ሥራው ጥበቃ ነው፤ የማን ፊት እንደገረጣ፣ ማን ውኃ እንዳልጠጣ የሚከታተል ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ደንብ እንደ ቢሮክራሲ የምታዩት ከሆነ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚያ ዝርዝር እስኪወጣ እስከ 2017 ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ወሰደ። ዋልያ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ፣ ግጦሹ በከብት ተራቁቶ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ አንገታችንን ደፍተን የሠራን ሰዎች አለን፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በመጨረሻ ከኖሩበት ቀዬ ተነሥተው ደባርቅ ሠፍረዋል። እነርሱ የአባቶቻቸውን ቤት ለቀው በሄዱበት ተራራ ላይ እኛ የከተማ ሰዎች ለሁለት ሌሊት ደስታ በፈለግንበት ድንኳን እንትከል ማለት አይገባንም። ዋልያ ከስሜን በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በተፈጥሮ አይኖርም። የሚውለውና የሚያድረው ደግሞ እናንተ ድንኳን ልትተክሉበት በጓጓችሁበት በዚያው አፋፍ ዳርና በገደሉ እርከን ላይ ነው።

ስለ ውሻው መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ አብዛኛው ባሌ ሲሆን ስሜን ላይ ያለው ጥቂት ነው። የሚጨርሰው በዋናነት ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ሌላ ተላላፊ ደዌ ነው። የእናንተ ውሻ ቢከተብም ጭላዳውን ያባርራል፣ ዋልያውን ያስበረግጋል። ጎረቤት አደራ ስጡት።

አፋፍ ላይ ማደር የሚያምራችሁ ከሩቅ ስለምታስቡት ነው። የስሜን ሰሜናዊ ገጽ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል ነው። ረፋድ ላይ ቆላው ሲሞቅ አየሩ በገደሉ ግድግዳ ሽቅብ ይነሣል፤ ጉም ይዞ ይመጣና በደቂቃዎች ውስጥ ፊት ለፊት የነበረው አምባ ይሰወራል። ያኔ የምትረግጡትን ብቻ ነው የምታዩት። ከጠርዙ ላይ ያለው ሣር ደግሞ አታላይ ነው። ጓሳው ጉብ ጉብ ብሎ በቅሎ መሬቱ እዚያ ድረስ ያለ ይመስላል፤ ሥሩ ያለው አፈር ግን በዝናብና በንፋስ ተቦርቡሮ ከታች ባዶ ሊሆን ይችላል። በጎን ሆናችሁ ብታዩት ሣሩ ከዐለቱ አልፎ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከጠርዙ አምስት ስድስት እርምጃ ራቁ። ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ወደኋላ አይራመድ። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰውም ባትሪ ሳይዝ ከድንኳኑ አይውጣ።

አሁን ብርዱ። በጥር የስሜን ሌሊት ጥርት ያለ ሰማይና ውርጭ ነው። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይቀንሳል፤ ጥርት ያለ ሰማይ ደግሞ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት በሌሊት ይወስድበታል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ጠዋት የድንኳኑ ሸራ ላይ ትንፋሻችሁ በረዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጋቢ ለዚህ ብቻውን አይበቃም። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፣ ላብ ወይም ጤዛ ከነካው ግን ቅዝቃዜን ይዞ ገላ ላይ ይጣበቃል። ለዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች የተሠራ የመኝታ ከረጢት ፈልጉ፤ ጎንደርም ደባርቅም የሚያከራዩ አሉ። ጋቢውን ከላይ ደርቡት። ከሁሉ በላይ ግን ከሥራችሁ የሚነጠፈውን አትርሱ። ሰው ሁልጊዜ ስለሚለብሰው ያስባል፤ ሙቀቱን የሚሰርቀው ግን የተኛበት መሬት ነው። ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ሳይኖር ሁለት ብርድ ልብስ መደረብ ብዙም አይፈይድም። ሰፈር እንደደረሳችሁም ፀሐይ ሳትጠልቅ የላባችሁበትን ካናቴራ አውልቃችሁ ደረቅ ልበሱ፤ የሱፍ ኮፍያና ካልሲ አድርጉ። ደገኛው በርኖስ የሚደርበው በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ ቢርስም ይሞቃል።

ከሰሉን በጥብቅ እከለክላችኋለሁ። በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። «ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አንድደን ፍሙን እናስገባዋለን» የሚለው አሠራር በየዓመቱ በከተማ ቤቶች ውስጥ ሰው የሚገድል ነው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ለብርድ ተብሎ የተዘጋ ድንኳን ደግሞ ከክፍል ይልቅ የጠበበ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሆነ፣ ተራራ ላይ ያለ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ብዙዎች አይነሡም። የጋዝ ምድጃም ቢሆን በድንኳን ውስጥ አይለኮስም። መሞቂያ ካስፈለጋችሁ ሙቅ ውኃ ክዳኑ በሚገጥም ኮዳ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልሉና እግራችሁ ሥር አድርጉ።

አረቄም ሙቀት አይሰጥም። የቆዳ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት ፊት ይግላል፤ በዚያው ግን የሰውነት ሙቀት ወደ ውጭ ይሄዳል። በከፍታ ላይ የእንቅልፍ ትንፋሽን ይበልጥ ያዳክማል፤ ጠዋት የሚመጣው ራስ ምታትም ከመጠጡ ይሁን ከተራራው አይለይም። ጎንደር ተመልሳችሁ ጠጡ።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ አገራችን ለዚህ የሚሆን ስንቅ ከጥንት ጀምሮ አላት። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሽሮው ቢንተከተክም ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ ጋዝ ይጨርሳል። በሶ ግን እሳት አይፈልግም። ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ማር ያዙ። ለቅዳሜ ማታ አንድ ትኩስ ነገር፣ ሾርባ ወይም ፓስታ፣ ይበቃል። ዓርብ ጾም የምትጾሙ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበሉና ሳትጠጡ ውላችሁ በዚያው ወደ ከፍታ እንዳትወጡ፤ ደባርቅ ደርሳችሁ ውኃ በደንብ ጠጡ፣ ብሉ፣ ተኙ። ተራራው ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሳያልባችሁ ውኃ ታጣላችሁ። በቀን ለያንዳንዳችሁ ሦስት ሊትር አስቡ። የምንጭ ውኃ ሦስት ደቂቃ ካልፈላ ወይም በመድኃኒት ካልታከመ አይጠጣም። ስካውቱ የራሱን ስንቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቢሆንም በማዕድ ጥሩት።

እንጨት ለቅሞ እሳት ማንደድ በፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ በዚያ ብርድ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን እየበላ ለሳምንታት ሲቀጥል፣ የአካባቢው ገበሬ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ነበር፤ በመጨረሻ ከእስራኤል ድረስ የእሳት አጥፊ ባለሙያዎች መጥተዋል። ጥር ደረቅ ወር ነው። የሲጋራ ቁራጭ እንኳ በቆርቆሮ ተይዞ ይመለሳል። የምግብ ትርፍም እንዲሁ፤ ጭላዳ እንጀራ ከለመደ ከሣሩ ወደ ድንኳን ዘረፋ ይዞራል።

እንግዲህ የምመክራችሁ ይህ ነው። ዓርብ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳችሁ እኩለ ቀን ላይ ከጎንደር ውጡ። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ፈቃዱንና ስካውቱን ጨርሱ። ያን ሌሊት በድንኳን ሳይሆን ደባርቅ ሆቴል ውስጥ እደሩ፤ 2,850 ሜትር ላይ ናችሁ፤ ሰውነታችሁ የመጀመሪያውን ደረጃ እዚያ ይለምዳል። ይህን ሌሊት እንደ ባከነ አትቁጠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት በመኪና እስከ ቡይት ራስ ሂዱና ከዚያ በእግር ጀምሩ። ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር በአፋፉ ጥግ ጥጉን የሚሄደው መንገድ ረጋ ብሎ ለሚራመድ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ነው፤ ሸንተረር መራመድ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከፓርኩ ሁሉ ይህን ያህል ያለ ድካም የሚሰጥ መንገድ የለም። በቀኝ በኩል እርሻውና መንደሩ፣ በግራ ገደሉና ከሥሩ ተደርድረው የቆሙት አምባዎች ናቸው። ከአስታው ቅርንጫፍ ላይ ግራጫ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ እርከን አድረው ጠዋት ሽቅብ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ሣር መንቀል ይጀምራሉ። ጸጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ የሣሩ መነቀል ድምፅ ይሰማል። አትቅረቧቸው፤ ራሳቸው እየጋጡ ይጠጓችኋል። ሻንጣውን መኪናው ስለሚያደርስላችሁ በቅሎ አያስፈልጋችሁም፤ በጀርባችሁ ውኃ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ባርኔጣና አንድ ሙቅ ልብስ ብቻ ይኑር። ፀሐዩ ብርድ ስላለ የማያቃጥል ይመስላል፤ የሚላጠው ከንፈርና አፍንጫ ነው።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ከደባርቅ በ400 ሜትር ብቻ ስለሚበልጥ ከነገርኳችሁ ደንብ ውስጥ ናችሁ። ድንኳናችሁን በተፈቀደው ሰፈር ተክላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ስለ ድንኳን የጓጓችሁት ሁሉ እዚህ ይሟላል፤ ውርጩም፣ ከዋክብቱም። እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም ተነሥታችሁ ወደ ጅንባር ፏፏቴ ማያ ሁለት ሰዓት ያህል ተራመዱ። ጅንባር 500 ሜትር ገደማ ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል፤ በጥር ውኃው ቢቀጥንም የገደሉ ጥልቀት ራሱ የሚያስቆም ነው። መኪናው ከማያው አቅራቢያ ካለው መንገድ ላይ ይጠብቃችሁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ወደ ደባርቅ ከተመለሳችሁ ጀምበር ሳትጠልቅ ጎንደር ናችሁ።

ዋልያ ሳናይ አንመለስም ካላችሁ አንድ አማራጭ አለ። እሁድ ጠዋት ከሳንቃበር በመኪና ወደ ጨነቅ ሂዱ፤ ዋልያ በብዛት የሚታየው እዚያ አካባቢ ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ወደ ቧሂት አቅጣጫ በዝግታ ወጥታችሁ ተመለሱ። ይህ የሚሆነው ሌሊቱን ራስ ምታት ያልነካው ሰው ብቻ ሲኖር፣ መኪናው የጠጠር ዳገት የሚችል ሲሆንና ጅንባርን ለመተው ስትስማሙ ነው። የቧሂት ጫፍ 4,430 ሜትር ገደማ ስለሆነ እስከዚያ አትድረሱ፤ ጨነቅም አትደሩ። ሁለቱን በአንድ እሁድ ለማድረግ መሞከር በሌሊት መንዳትን ያመጣል፤ ይህን መንገድ በሌሊት አይነዱም።

ከእናንተ መካከል ተራራ ላይ አድሮ የማያውቅ ካለ ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን ኮሶዬ ሂዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፣ ጭላዳም አለ። ጫማችሁ እግራችሁን ይልጥ እንደሆነ፣ ማን ዳገት ላይ እንደሚቀር እዚያ ታውቃላችሁ። አዲስ ጫማ ለስሜን አይመረቅም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሐኪም ሳያማክሩ ከደባርቅ በላይ አይውጡ። ራስ ዳሸንን ደግሞ ዓመታዊ ፈቃድ ስታገኙ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ በግጭና በጨነቅ እያደራችሁ፣ በቅሎና አስጎብኚ ይዛችሁ ውጡት።

የመጨረሻው ጉዳይ ጸጥታ ነው። አካባቢው ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ውስጥ ያለፈ ነው፤ የመንገዱ ሁኔታ በሳምንት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ ለዚህ ሳምንት አይሠራም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፣ ከደባርቅ በዚያው ቀን የመጣ ሾፌር ጠይቁ። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ወይም አንዱ እንኳ ካመነታ፣ ጉዞውን አስተላልፉት። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ስለምትጨናነቅ መኪና ይወደዳል፣ ሾፌሩም እንቅልፍ ያጣ ይሆናል፤ አንድ ሳምንት ብታዘገዩት ትጠቀማላችሁ። ተራራው ላይ የስልክ ኔትወርክ እዚህ ይገኛል፣ እዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ለቤተሰብ የምትደውሉበትን ሰዓትና ካልደወላችሁ ማንን እንደሚጠይቁ በወረቀት ጽፋችሁ ዓርብ ከመውጣታችሁ በፊት ስጡ፤ የስካውቱን ስምና የሰፈራችሁንም ከደባርቅ ጨምሩበት።